ወደ ፊት ያዘነበለው የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ

አዳማ ላይ መድኃኒት መደብር ያላቸው አንዲት ጠያቂ የጻፉልኝ ደብዳቤ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ያሠሩት የ16 ሚሊ ሜትር ችፑድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የሚሠራ ጣውላ) መደርደሪያ እያንዳንዳቸው 120 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት ክፍሎች አሉት። ሽሮፕ የተደረደረባቸው ሁለቱ ክፍሎች መሐላቸው ጎብጧል፣ የመደርደሪያው ራስ ከግድግዳው አንድ ጣት ያህል ለቅቋል፣ ከብሎኖቹ ሥር ነጭ ዱቄት ይረግፋል፣ የታችኛው ጠርዝም አብጦ ተሰነጣጥቋል። ወልቆ ወለል ላይ ያገኙትን አንዱን ብሎን ለክተውት 4 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። ጥያቄያቸው ይጠገን ወይስ ይቀየር፣ ከተቀየረስ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ)፣ አልሙኒየም ከመስታወት ጋር ወይስ ብረት ይሻላል የሚል ነው።

እኅቴ፣ ይህን መልስ አንብበው ሳይጨርሱ ተነሥተው መደርደሪያው ላይ ያለውን ሽሮፕና ግሉኮስ ያውርዱ፤ ሲያወርዱም ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይምጡ። አንድ ጊዜ ለጥገና በተጠራሁበት መድኃኒት ቤት፣ ረዳቱ ልጅ እኔ እስክደርስ ሥራ ላቃልል ብሎ የታችኞቹን ሁለት ረድፎች አስቀድሞ ባዶ አድርጓቸው ጠበቀኝ። ክብደቱ ሁሉ ላይ ቀርቶ ስለነበር የመጀመሪያውን ብሎን ገና ስነካው መደርደሪያው ቀስ ብሎ ወደ ፊት መጣና ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። ባንኮኒው ባይኖር ኖሮ የሚያርፈው ልጁ ላይ ነበር። ጫማችን ሽሮፕ ላይ እየተጣበቀ የጠርሙስ ስብርባሪ ስንጠርግ አመሸን።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔን የያዘው ነጩ ዱቄት ነው። ከብሎን ሥር የሚረግፈው ዱቄት ግራጫ ቢሆን ኖሮ ከልስኑ ወይም ከብሎኬቱ የመጣ ነው እል ነበር፤ ነጭ ከሆነ ግን ላይኛው ጂብሰም ነው፤ ይህም ፊሸሩ፣ ማለትም ብሎኑን እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ፣ ከግድግዳው ቆዳ አልፎ ሥጋው ውስጥ እንዳልገባ ይጠቁመኛል። ስሌቱም ይስማማል። ከ4 ሴንቲ ሜትሩ ብሎን 16 ሚሊ ሜትሩን ችፑዱ ይበላዋል፤ የሚቀረው 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልስኑና ጂብሰሙ ተደምረው 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ብሎኬቱን የሚያገኘው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ያ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። እንግዲህ መደርደሪያዎን ሁለት ዓመት ሙሉ ያቆመው ብሎኑ ሳይሆን ዕድልዎ ነው። ስለዚህ ዋናው በሽታ ማዘንበሉ ነው፤ መጉበጡ ሌላ፣ ከእርሱ ቀለል ያለ በሽታ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ስለመጡ ብቻ አንድ መስለዋል።

ስለ መጉበጡ ግን ትንሽ ልዘርዝር፤ ደንበኞቼ ሁሉ ስለ ጣውላው ዓይነት ይጠይቁኛል፣ ስለ ስፋቱ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ከቤትዎ የ30 ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ ማስመሪያ ያምጡና በሁለት ብርጭቆዎች ላይ ጫፍና ጫፉን አስደግፈው መሐሉ ላይ አንድ የሽሮፕ ጠርሙስ ያስቀምጡ፤ ማስመሪያው ይረግባል። አሁን ብርጭቆዎቹን አቀራርበው ክፍተቱን በግማሽ ይቀንሱና ያንኑ ጠርሙስ መልሰው ያስቀምጡ። መርገቡ በግማሽ የሚቀንስ ይመስላል፤ የሚቀንሰው ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ነው። በመደርደሪያ ላይ ሲሆን ነገሩ ከዚህም ይብሳል፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን የሚደረደርበት ዕቃም እጥፍ ይሆናልና ስምንቱ ዐሥራ ስድስት ይሆናል። በሌላ አነጋገር የእርስዎ ባለ 120 ሴንቲ ሜትር ጣውላ፣ መሐሉ ላይ አንድ እግር ገብቶለት ሁለት ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው ችፑድና በዚያው ሽሮፕ መጉበጡ ከዐሥራ ስድስት አንድ እጅ ብቻ ይሆን ነበር። ባለሙያው ግን ከ16 ወደ 18 ሚሊ ሜትር ጣውላ ይቀየር ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቅዎታል፤ ይህ ለውጥ ጥንካሬውን ከአንድ ተኩል እጥፍ በታች ነው የሚጨምረው። አሁንም ማስመሪያውን አይመልሱት። ተኝቶ ሲረግብ የነበረውን በጠርዙ ያቁሙትና ጫን ይበሉት፤ ፈጽሞ አይበገርም። ከጣውላው ፊት ሥር ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብረት ወይም ደረቅ እንጨት እንደ ከንፈር ሲታሰር የሚሠራው ይህንኑ ነው። በዚህ ነገር ላይ ብዙ እንደምናገር ልጄ ሳይቀር ይታዘበኛል፤ ነገር ግን የመደርደሪያ ሙያ ግማሹ እዚህ ማስመሪያ ላይ አለ።

ክብደቱንም አይናቁት። አንድ የ100 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ከነጠርሙሱና ከነካርቶኑ በእኔ ሚዛን 220 ግራም ገደማ ይመጣል። በ120 በ30 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ላይ 24 በ6 ሆኖ 144 ይደረደራል፤ ይህ ከ31 ኪሎ ግራም በላይ ነው፤ እንደ ልማዳችን በላዩ ሌላ ድርብ ሲጨመርበት ደግሞ ከ60 ኪሎ ግራም ያልፋል። ሰው የሚያህል ክብደት በአንድ ችፑድ ላይ ተኝቷል ማለት ነው።

አስቀድሞ የመጣው ባለሙያ የጎበጡትን ጣውላዎች ገልብጦ፣ የላሉትን ቀዳዳዎች በክብሪት እንጨትና በሲልከን ሞልቶ መሄዱን ጽፈዋል። የተገለበጠ ችፑድ ለጥቂት ሳምንታት ቀጥ ብሎ ይታይና ተመልሶ በወዲያኛው በኩል ይጎብጣል፤ ክብደት ሳይነሣለት የቆየ ችፑድ ቀስ በቀስ መውረዱን አይተውምና። ክብሪቱንና ሲልከኑን በተመለከተ የምለው የለኝም፤ እንዲህ ያለ ጥገና ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል፣ ሁሌም ከማን እንደተማሩት እገረማለሁ።

የታችኛው ጠርዝ ያበጠው ወለሉ በየቀኑ በውሃ ስለሚወለወል ነው፤ ያበጠ ችፑድ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም፣ ብሎንም አይዝም። ስለዚህ ሽሮፕ የያዙትን ሁለቱን ክፍሎች ያስወግዷቸው። ሌሎቹ ሁለቱ ክኒንና ቅባት ብቻ የሚይዙ ስለሆኑ መሐላቸው እግር ገብቶ፣ ግርጌያቸው ተቆርጦ በብረት እግር ላይ ቢቀመጡ ገና ብዙ ያገለግላሉ።

ለሽሮፕ፣ ለግሉኮስና ለማንኛውም ፈሳሽ የምመርጠው ብረት ነው። የ40 በ20 ሚሊ ሜትር አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ቋሚዎች በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ይቆማሉ፤ ወለል ላይ ሰፋ ያለ ጫማ ይበየድላቸዋል፤ ጣውላው በላሜራ ወይም ጠርዙ በሙሉ በታሸገ ኤምዲኤፍ ይሠራል። አንድ ሊትር ግሉኮስ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ቦታው ምንጊዜም የታችኛው ረድፍ ነው። ላሜራ ሲገዙ ነጋዴው 1 ሚሊ ሜትር ነው ቢልዎት በካሊፐር ይለኩት፤ ቀለሙን ፋቅ አድርጌ ስለካው 0.7 የሆነብኝ ጊዜ ጥቂት አይደለም። እጥፋቱ ዝገት ካሳየ፣ ቀለሙም በጥፍር ሲፋቅ ከተነሣ አይግዙት፤ ዝገት የነካው ካርቶን ይበላሻል፣ መለያ ጽሑፉም ይጠፋል። አልሙኒየም ከመስታወት ጋር ለመዋቢያና ለሕፃናት ዕቃ ያምራል፤ ሽሮፕ ግን አይጫንበት። ብየዳውና ቆረጣው ደጅ ወይም ወርክሾፕ ይለቅ፤ አልኮልና ሳኒታይዘር ባለበት ክፍል ውስጥ የብየዳ ፍንጣሪ አይገባም። በውስጥ የሚሠራው ብሎን ማጥበቅ ብቻ ይሁን።

አሁን ግድግዳው። ክብደቱን ወለሉ ይሸከም፤ የግድግዳው ሥራ መደርደሪያው እንዳይወድቅ መያዝ ብቻ ይሁን። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ እያደረጉ ይሂዱበት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ብሎኬት ነው፣ ደፍኖ የሚመልሰው ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ወይም ቢም (አግድም የኮንክሪት ተሸካሚ) ነው። ከኮለን እስከ ኮለን አንድ አንጎላሬ (የኤል ቅርጽ ያለው ብረት) በመደርደሪያው ራስ ትክክል ይዘርጉና በ10 ሚሊ ሜትር የብረት ኤክስፓንሽን ብሎን (ሲጠብቅ ቀዳዳው ውስጥ የሚሰፋ ብሎን) ኮንክሪቱ ላይ ይሰሩት፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቋሚ በዚያ አንጎላሬ ላይ ይታሰራል። ኮለኖቹ ተራርቀው ብሎኬቱን የግድ መጠቀም ካለብዎ፣ ግድግዳው የራስዎ ከሆነ በወዲያኛው ገጽ ላሜራ አድርገው ብሎኑን አሳልፈው ያጥብቁት። ያን ለስላሳ ቢጫ ፊሸር ግን በመድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ ማየት አልፈልግም፤ ለፎቶ ፍሬም ካልሆነ በቀር ለምንም አይሆንም። አሮጌውን ሲያነሡም እደግመዋለሁ፤ ከላይ ወደ ታች ባዶ ሳይሆን አንድም ብሎን እንዳይፈታ።

የቀረው የአደራደር ጉዳይ ስለሆነ አላራዝመውም፤ ፋርማሲስትዋ እርስዎ ነዎት። የክኒን መደርደሪያ ጥልቀቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ከዚያ ሲጠልቅ የማብቂያ ጊዜው የቀረበው ከኋላ ተደብቆ ይቀራል፣ ቀድሞ የሚያልቀው ቀድሞ ይውጣ የሚለው ደንብም በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ጣውላዎቹ ከፍ ዝቅ የሚሉ ይሁኑ። ብዙ መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይቀመጥ የሚል ጽሑፍ አለበት፤ አዳማ ላይ፣ በተለይ ከቆርቆሮ ሥር፣ ከጣሪያው የተጠጋው ረድፍ ከሰዓት በኋላ ከታችኛው ይልቅ ይሞቃል፤ ቴርሞሜትሩን ዓይንዎ ትክክል ሳይሆን እዚያ ላይ ይስቀሉት። ከምዕራብ ፀሐይ በሚገባበት በኩል መደርደሪያ አይቁም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚይዘውን ፍሪጅ በቁም ሣጥን ውስጥ አያሽጉት፤ ከኋላው የሚተነፍስበት ቢያንስ አንድ ስንዝር ይተዉለት። ቁጥጥር ለሚደረግባቸው መድኃኒቶች ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ከውስጥ በኩል ከግድግዳ ጋር ይታሰር፤ ብሎኑ ከውጭ የሚታይ ከሆነ ቁልፉ ጌጥ ነው።

በጓዳ ያለውን የካርቶን ክምችት በሚመለከት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበትን ልክ ይያዙ፦ ከወለል 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ፓሌት ላይ፣ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከፍታው ከ2.5 ሜትር ሳያልፍ። ጓዳው ጠባብ ነው ብለው ከግድግዳ ያለውን ርቀት መሰዋት አይበጅም፤ እርጥበቱ መጀመሪያ የሚይዘው እዚያ የተጠጋውን ካርቶን ነው፣ አይጥም የሚሄደው በዚያው ነው።

አዲሱ ሲቆም በውሃ ልክ ያስተካክሉትና አንጎላሬው ላይ እስኪታሰር ድረስ አንድም ጠርሙስ አይጫንበት። ሲጭኑ ከታች ወደ ላይ፣ ሲያወርዱ ከላይ ወደ ታች፤ ረዳትዎም ይህን ቃል በቃል ይወቀው። ከአንድ ወር በኋላ ከአንዱ ቋሚ እስከ ቀጣዩ ቋሚ በጣውላው ፊት ላይ ክር ወጥረው መሐሉ ላይ ክፍተቱን ይለኩ፤ ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ በዚያ ረድፍ ሥር የብረቱን ከንፈር ያስገቡ፣ ድርቡንም ያንሡ።