ኮምቦልቻ ሆኖ መጠጥ ለማቆም ቡድን ለሚፈልግ ወንድሜ

ጥያቄህን አነበብኩት። ኮምቦልቻ ትኖራለህ፣ መጠጥ ማቆም ትፈልጋለህ፣ አብረው ተቀምጠው የሚረዳዱ ሰዎች ደሴ አካባቢ እንዴት እንደሚገኙና እዚያ ምን እንደሚደረግ ጠይቀሃል። «ሰው ቢያየኝስ?» የምትለዋን መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሃታል። ዋናው ጥያቄህ ግን እሷ ትመስለኛለች።

ከሁሉም በፊት ሐኪም። በየቀኑ የምትጠጣ ከሆነ፣ በተለይ ጠዋት እጅህ ተንቀጥቅጦ አንድ መለኪያ አረቄ ሲገባ የሚረጋ ከሆነ፣ በራስህ ድንገት እንዳታቆም። መንቀጥቀጡና ላቡ በመጀመሪያው ቀን ይመጣል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፍህ ይችላል። ከዚያም በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ሰውየው የሚቃዥበት፣ የሌለ ነገር የሚያይበት፣ ሊሞትም የሚችልበት ደረጃ አለ። እኛ አገር «ለከፈው» ተብሎ የሚታለፈው አንዳንዱ ይኸው ነው። ጠበሉንም ዱዓውንም አልቃወምም። ግን መጀመሪያ ሆስፒታል። እዚያ በክትትል ዲያዘፓምና ቫይታሚን ቢ1 ይሰጡሃል። ዲያዘፓሙን ራስህ ከፋርማሲ ገዝተህ እንዳትጀምር፤ እሱም ሱስ ያስይዛል፣ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማል።

ቡድኑንም ለማግኘት የምትጀምረው ከዚያው ነው። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሂድና የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቅ። «እብድ ነው ይሉኛል» ብለህ አትሽሽ። እንዲህ ያለ ቡድን በር ላይ ማስታወቂያ አይለጥፍም፤ የሚያውቀው ታካሚውን የሚያየው ሰው ነው። እኔም የኛን ያገኘሁት በነርስ በኩል ነው። ቦታውን እዚህ አልጽፍም፣ ምክንያቱ ይገባሃል።

ብዙዎቻችን የምንሠራበት መንገድ መነሻው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤ.ኤ. የሚባለው ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሁለት ጠጪዎች ጀመሩት፤ አንዱ የአክሲዮን ደላላ፣ ሌላው ቀዶ ሐኪም። አባል ለመሆን መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ይበቃል። መዋጮ ግዴታ አይደለም፣ የአባት ስምም አትጠየቅም። ኢንተርኔት ላይም ስብሰባ አላቸው፣ ካሜራህን አጥፍተህ መስማት ትችላለህ። አብዛኛው ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ዳታም ይበላል።

የኛ ስብሰባ ምን ይመስላል? አንዱ ያወራል፣ ሌላው ይሰማል። በቃ። አቋርጦ መምከር ክልክል ነው። ለወሎ ሰው ይህ ከመጠጡ በላይ ይከብዳል! ሁላችንም ሽማግሌ ነን፣ ገብተን ካላስታረቅን አይሆንልንም። ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። በማን ጸሎት እንክፈት የሚለው አንድ ሰሞን አከራክሮን ነበር፤ ለደቂቃ ዝም ብለን እንድንጀምር ተስማማን፣ ተመችቶናል። ሙስሊሞቹ ወንድሞቻችን ሸክማቸው ይብሳል። ቤተሰብ እንኳን አያውቅም፤ ሰው እንዲያውቅ መፍቀድ ለነሱ ሁለት ጊዜ መጋለጥ ነው።

ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ። ስለ «በሞቴ» ነው። የክርስትና ድግስ ላይ አክስትህ የጠላ ጣሳ ይዘው ቆመው «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ሲሉህ ምን ትላለህ? ቁጭ ብለን እንለማመደዋለን። አንዱ አክስት ይሆናል፣ ሌላው እምቢ ይላል። «መድኃኒት ጀምሬያለሁ» ጥሩ ይሠራል፣ ውሸትም አይደለም። ወሎ ደግሞ የማያሰክረውን መጠጥ፣ «ቀሪቦ የለም?» ብትል ማንም አይገረምም። ለቅሶ ቤት ይቀላል፣ ሰርግ ይከብዳል፣ ደመወዝ የወጣ ዕለት ማታ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ለዚያች ማታ የምትደውልለት ሰው ያስፈልግሃል። ኤ.ኤ. ውስጥ ቀድሞ ያቆመውንና አዲሱን የሚደግፈውን ሰው ስፖንሰር ይሉታል፤ እኛ «ጓድ» እንላለን፣ ከየት እንደመጣ እንጃ።

ወደ ፍርሃትህ ልመለስ። ኮምቦልቻ መሆንህ ይጠቅምሃል። የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ፒያሳ ስትወርድ ማንም «ምን ልትሠራ መጣህ?» አይልህም፤ ለገበያም ለጉዳይም የሚመጣው ብዙ ነው። የተቸገርነው እኛ የደሴዎቹ ነን፣ በር ላይ ጎረቤት እናገኛለን። ደግሞም የስብሰባው ክፍል ውስጥ የሚያይህን ሰው አንተም ታየዋለህ። ግሮሰሪ በረንዳ ላይ ስትወላገድ ያየህ ሕዝብ ግን ከዚያ ይበዛል፣ ይቅርታ አድርግልኝና። ስብሰባው በቀን የሚሆንበትን ምረጥ፣ ማታ ሚኒባስ ፍለጋ መናኸሪያ ስትቆም ዙሪያህ መጠጥ ቤት ነው።

ጠጥተህ ከመጣህ አናባርርህም፣ የዚያን ዕለት ግን ሰሚ ብቻ ትሆናለህ። ወድቀህ ከተመለስክም «ስንት ቀን ቆየህ?» ብሎ የሚመረምርህ የለም።

ቡድን ባታገኝስ? አንድ የሚያቆም ሰው ፈልግና ሁለት ሁኑ። የኤ.ኤ. ጀማሪዎቹም ሁለት ነበሩ። ባለቤትህን በተመለከተ፣ ለጠጪ ቤተሰቦች አል-አኖን የሚባል ለብቻው የቆመ ማኅበር አለ፤ እሷም የራሷ ሰሚ ያስፈልጋታል።

የማኅበረሰብ ጤና መድኅን አባል ከሆንክ ወደ ሆስፒታሉ በቀጥታ አትሂድ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያህ ሄደህ ሪፈር አጽፍ፣ አለዚያ ከኪስህ ትከፍላለህ። መታወቂያህንም ያዝ።