ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ሽጉጥ በምን ይወልወላል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትህ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የምትኖሩት ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው። የታጠቀ ጥበቃ ሆነህ ትሠራለህ፤ ግሎክ ሽጉጥህን የምትወለውለው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። የማጽጃው ሽታ ራሷን እያመማት ስለተቸገራችሁ «መርዝ የሌለበት ማጽጃና ዘይት የቱ ነው?» ብለሃል። እኔም እዚህ ቨርጂኒያ በዚሁ ሥራ 11 ዓመት ሆኖኛል። ሁለት ልጆቼን ያሳደግኩት በአፓርትመንት ነው። የማውቀውን ልንገርህ።

በማጽጃው ሽታ መጨነቃችሁ ልክ ነው። ወደሱ እመጣለሁ። ግን ከጠርሙሱ የባሰው መርዝ ያለው ሽጉጡ ላይ ነው። እርሳስ ማለቴ ነው፤ ሌድ የሚሉት።

አብዛኛው ጥይት ቀለሁ ግርጌ ላይ ያለችው መቀጣጠያ ውስጥ የእርሳስ ውህድ አለ። አረሩም ውስጡ እርሳስ ነው። በተለመደው የልምምድ ጥይት መዳቡ የሚሸፍነው ጫፉንና ጎኑን ነው፤ ከኋላ ክፍት ነው። ስትተኩስ የጋለው ጋዝ ከዚያ ትንሽ ትንሽ ያነሳል። ጨርቅህን የሚያጠቁረው ጥቀርሻ እንግዲህ ባሩድ ብቻ አይደለም። ሽታ ደግሞ የለውም። የባለቤትህ አፍንጫ ማጽጃውን ነገራት፤ እርሳሱን የሚነግራት አፍንጫ የለም። ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ሰውነቷ የገባው እርሳስ በእንግዴ ልጁ አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል። ለሕፃን «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል መጠን አይታወቅም።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። የዛሬ ሦስት ዓመት ሁለተኛዋ ልጄ አንድ ዓመት ሲሞላት ደሟ ለእርሳስ ተመረመረ። ውጤቱ 4.6 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ሆኖ መጣ። ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ክትትል የሚያስፈልግበትን መጠን ወደ 3.5 ዝቅ አድርጎታል፤ ልጄ ከዚያ በላይ ነበረች። ነርሷ ደውላ እርሳሱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ ጠየቀችኝ። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ነው? ለልጅቷ ኩል ትቀቧታላችሁ? ከአገር ቤት የመጣ ቅመም አለ? በመጨረሻ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ሽጉጡን የት ነው የምታጸዳው?» ስትለኝ ቆሜ የነበረው እዚያው ጠረጴዛ አጠገብ ነው።

ያን ጊዜ እንዴት ነበር የምወለውለው መሰለህ? በደረቅ የጥርስ ብሩሽ። የጠረጴዛው ላስቲክ ላይ ጥቁር ብናኝ ይረግፋል። እሱን በእጄ ጠርጌ ወደ ቅርጫት አራግፋለሁ። ከዚያ እራት ይቀርባል። የልጅቷ ወንበር ጠረጴዛው ጥግ ላይ ነው፤ ጣቷን ላስቲኩ ላይ ታሽና ወደ አፏ ትወስዳለች። በዚያው ሳምንት ሁሉንም ቀየርኩ። በስድስት ወር ውስጥ ቁጥሩ ወደ 2.1 ወረደ። «የሽጉጡ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት የነገረኝ የለም። ቤታችን ግን አዲስ ነው፤ ኩልም አንጠቀምም።

ስለዚህ የባለቤትህ ሐኪም የእርሳስ የደም ምርመራ እንዲያዝላት በዚህ ሳምንት ጠይቁ። አንተም ተመርመር። ቀላል የደም ምርመራ ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ሽታው «የበሰለ ሙዝ ይመስላል» ካልክ ሆፕስ ቁጥር 9 ነው ብዬ እገምታለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ ያለ፣ ብዙ ተኳሽ የሚወደው ማጽጃ ነው። ሥራውን ይሠራል። ግን የታወቀው ዓይነት ውስጥ ላምባ፣ አልኮልና አሞኒያ አለ። በር ተዘግቶ፣ ነፍሰ ጡር ባለችበት ክፍል የሚከፈት ነገር አይደለም። ሥራ ቦታ «በመኪና ፍሬን ማጽጃ እጠበው፣ ብን ብሎ ይጠፋል» የሚልህም አይጠፋም። እሱን ጭራሽ ወደ ቤት አታስገባ። አንዳንዱ ክሎሪን ያለበት ማሟሚያ ነው፤ ትነቱ ከባድ ነው፣ ሲግል ደግሞ ወደ ባሰ መርዝ ይለወጣል።

እኔ ለማጽጃ የምጠቀመው ውሃ ላይ የተመሠረተውን ነው። ኤም-ፕሮ 7 የሚባለው ከነዚህ አንዱ ነው። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፣ እሳትም አይዝም። ቀባ አድርገህ አምስት ደቂቃ ትተወዋለህ፤ ጥቀርሻው ይለቅና በጨርቅ ይወጣል። አንድ ጥንቃቄ አለው። ውሃ ስለሆነ ሳታደርቀውና ዘይት ሳትቀባ ካደርክ ብረቱ ይዝጋል። እኔ በደረቅ ጨርቅ ከጠረግኩ በኋላ ሩብ ሰዓት አናፍሼ ነው ዘይት የምቀባው።

ሁለቱንም ባንድ ጠርሙስ ከፈለግክ ባሊስቶል አለ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1904 የሠሩት ነው፤ መሠረቱ የተጣራ ነጭ የማዕድን ዘይት ነው። ውሃ ስትጨምርበት እንደ ወተት ይነጣል። ሽታው ግን አለ፤ እኔን እንስላል ነው የሚሸተኝ። አንዳንድ ነፍሰ ጡር ደግሞ እንስላልም ያቅለሸልሻታል፤ ከመግዛትህ በፊት አስሸትታት። የትኛውንም ብትገዛ የሚረጨውን ተውና የሚንጠባጠበውን ውሰድ። የሚረጨው ጭጋግ ሆኖ አየር ላይ ይቆያል፣ ሳንባ ውስጥም ይገባል። ጠብታው የወደቀበት ይቀራል።

ዘይት ላይ ደግሞ የኔን ጥፋት ልንገርህ። ከልጄ ምርመራ በኋላ «ከተክል የተሠራ፣ ልጅ ቢነካው አይጎዳም» የተባለ ቅባት ገዛሁ። ሽታው ደስ ይላል፤ ባለቤቴም ወደደችው። አብዝቼ ለቀለቅኩት። ሽጉጡ ሳይተኮስ ወራት ቆየ። በጥር ብርድ ለዓመታዊው የተኩስ ፈተና ስሄድ ስላይዱ፣ ሲተኮስ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው የላይኛው ክፍል፣ እየተንቀራፈፈ ይመለስ ጀመር፤ ሦስተኛው ጥይት ላይ ሳይዘጋ ቀረ። አሠልጣኙ ፈትቶ አሳየኝ። ስላይዱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ቡናማ ሙጫ ጋግሯል፤ በጥፍር ነው የተነሳው።

ነገሩ እናቶቻችን የሚያውቁት ነው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል አይደል? የጎመን ዘሩ ዘይት በእሳቱ ደርቆ ምጣዱን ይለብሰዋል፣ እንጀራውም አይዝም። የኑግ ዘይት ጠርሙስም አንገቱ ላይ ሲቆይ ጣት የሚይዝ ሙጫ ያወጣል። ብዙ የተክል ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ እንዲህ ይሆናል። ምጣድ ላይ የምትፈልገው ይኸው ነው፤ ሽጉጥ ላይ ግን ሕይወትህን ሊያስከፍልህ ይችላል። ከተክል የተሠራ ሁሉ መጥፎ ነው አልልህም፤ እንዳይደርቅ ተደርጎ የተሠራም አለ። የምትገዛ ከሆነ ስስ አድርገህ ቀባው፤ በየወሩም ፈትተህ እየው።

የኔ ምርጫ አሁን ሰው ሠራሽ ንጹሕ ዘይት ነው። የምግብ ፋብሪካ ማሽኖች የሚቀቡበት፣ «ኤን ኤስ ኤፍ ኤች 1» የሚል ምልክት ያለው ዘይት አለ። በድንገት ምግብ ቢነካ ችግር እንዳይፈጥር ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሽታ የለውም፣ አይጋግርም። እሱን ካጣህ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይትም ለሽጉጥ ይሆናል፤ ቶሎ ስለሚሳሳ ብቻ ደጋግመህ መጨመር አለብህ። አንዳንድ የሽጉጥ ዘይት ውስጥ ቴፍሎን አለ። ፒፋስ ከሚባሉት፣ ከአካባቢ ቶሎ ከማይጠፉት ኬሚካሎች ወገን ነው። ያለሱ የሚሠራ ዘይት እያለ እኔ አልገዛውም። ደብልዩ ዲ 40ን ደግሞ እንደ ሽጉጥ ዘይት አትቁጠረው፤ ከመነሻው የተሠራው እርጥበት ለማባረር ነው።

ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ቃል ብቻ አትመን። «መርዛማ ያልሆነ» የሚለውን ሻጩ ራሱ ነው የሚጽፈው። «በተፈጥሮ የሚበሰብስ» ማለት ስለ አፈሩ ነው እንጂ ስለ ሳንባህ አይናገርም። ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣ ማጽጃ እንኳ እሳት ይይዛል፣ ቆዳም ያሳክካል። የምርቱን ስም ጻፍና «ሴፍቲ ዳታ ሺት» ብለህ ፈልግ፤ የምርቱ የደህንነት መረጃ ወረቀት ማለት ነው። 16 ክፍል አለው፤ አንተ ሦስቱን አንብብ። ክፍል 2 አደጋውን ይነግርሃል፤ «አደጋ» የሚለው ቃል «ማስጠንቀቂያ» ከሚለው ይከፋል። ክፍል 3 ውስጡ ምን እንዳለ፣ ክፍል 8 ደግሞ ጓንትና አየር ያስፈልግ እንደሆነ ይናገራል። ሻጩ ይህን ወረቀት ካላወጣ አልገዛም።

አንድ ቃል ግን ልብ በል፦ ለመተንፈስ የማይጎዳ ዘይት ለመጠጣት አይሆንም። ሕፃን ቀጭን ዘይት ሲውጥ ትን ብሎት ሳንባው ከገባ ሊገድለው ይችላል። ልጁ ሲወለድ ጠርሙሱም እንደ ሽጉጡ ይቆለፍበት። ከዋጠ አታስመልሱት፤ ወዲያው 1-800-222-1222 ደውሉ፣ የመርዝ መረጃ ማእከል ነው።

አወላወሉ ደግሞ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የጥይት ካዝናውን አውጣ፣ ያጎረስከውን አውጣ፣ ዓይንህም ጣትህም ባዶ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጥ። ግሎክ ለመፍታት ቃታ መሳብ ግድ ስለሆነ ይህን ደግመህ ደጋግመህ እየው። ባለቤትህ እዚያ ክፍል አትሁን። ወጥ ቤት ተው። መስኮት ክፈትና ማራገቢያውን ወደ ውጭ አዙረው። ባልኮኒ ላይ ግን ፈትተህ አትቀመጥ፤ ጎረቤት አይቶ ፖሊስ ይጠራል። ለዚህ ብቻ የሚሆን ትሪ ያዝ፤ ለምግብ ፈጽሞ አይመለስ። ናይትራይል ጓንት አድርግ።

ዋናው ነገር በደረቁ አለመቦረሽ ነው። መጀመሪያ ማጽጃውን ቀብተህ አርጥበው፣ ከዚያ ቦርሽ። በርሜሉ ውስጥ ብሩሹን ከኋላ ወደ አፈሙዙ ግፋ። የቆሸሸውን እራፊ ሁሉ ዚፕሎክ ውስጥ አድርገህ ዝጋው። ምንም ዓይነት «ንጹሕ» ማጽጃ ብትገዛ ከሽጉጡ ሲወጣ እርሳስ ይዞ ነው። ሲንክ ውስጥ አትድፋው፤ ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ ይኖራል፣ እዚያ ውሰደው። ሲያልቅ ትሪውን በእርጥብ ወረቀት ጥረግ። መጥረጊያም ተራ ቫኪውምም አይሆንም፤ ብናኙን ያነሱታል። እጅህን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠብ፤ ዲ-ሌድ የሚባል ለእርሳስ የተሠራ ሳሙና አለ፣ ከተራው ይሻላል። ሳኒታይዘር እርሳስ አያወጣም።

ዘይቱ ለግሎክ አምስት ጠብታ ገደማ ይበቃዋል። በርሜሉ ላይ ከውጭ ስስ ቅባት፣ ሐዲዶቹ ላይ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ከቀኝ በኩል ከኋላ የቃታው ዘንግ ኮኔክተር የሚባለውን ትንሽ ብረት የሚነካበት ቦታ አንድ ጠብታ። ይቺን አትርሳ። መቀጣጠያውን የሚመታው መርፌ ቀዳዳና ካዝናው ውስጥ ዘይት አይገባም፤ ዘይት ወደ ጥይት ከደረሰ መቀጣጠያውን ሊያከሽፈው ይችላል። የበዛ ዘይት ጥቀርሻ ይሰበስባል፤ ያኔ ቶሎ ቶሎ መፍታት ይመጣል፣ ከእርሳሱም ጋር ቶሎ ቶሎ መገናኘት።

ከተኩስ ልምምድ ስትመለስ ልብስህን በር ላይ ቀይር፤ ለብቻው ይታጠብ፣ የምታጥበውም አንተ ሁን። ጫማህ ከደጅ አይለፍ። ቦርሳው ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይሁን፤ የሕፃኑ ወንበር የሚገባበት መቀመጫ ላይ አታስቀምጠው። የልምምድ ጥይት የምትገዛው ራስህ ከሆነ መቀጣጠያው እርሳስ የሌለበትና አረሩ ከኋላም የተሸፈነውን ምረጥ። ይወደዳል፤ ግን እርሳሱን ከምንጩ ነው የሚቀንስልህ። የሥራው ጥይት የድርጅቱ ስለሆነ እሱን ተው።

አሁን ያለውን የጠረጴዛ ላስቲክ ጣለው። ጠረጴዛውንና ሥሩን ያለውን ወለል በሳሙና ውሃ ሁለቴ ወልውል፤ ጨርቁንም አብረህ ጣል። ምንጣፍ ካለ ልጁ ከመዳሁ በፊት ቢቀየር ደስ ይለኛል። የገዛኸውን ማጽጃ ክዳኑን አጥብቀህ ለሥራ ባልደረባህ ስጠው። አዲስ ስትገዛ የጠርሙሱን የጀርባ ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።