ጂአርኢን መቼ ልድገም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። ለማስተርስ ለማመልከት ብዬ በቅርቡ ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተፈትኜ ነበር። ሒሳቡ ደህና መጣ፣ ቨርባሉ፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ንባቡና ቃላቱ፣ ግን ወረደብኝ። ያስቸገረኝ ሰዓቱ ነው። በሁለተኛው የቨርባል ክፍል የመጨረሻዎቹን 4 ጥያቄዎች ሳላያቸው አለቀ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳነብ መስመር ይጠፋብኛል፣ አንዱን አንቀጽ ሁለት ሦስቴ እመለስበታለሁ። ዘንድሮ ባለሙያ ጋ ሄጄ ስመረመር ንባብን የሚያከብደው ዲስሌክሲያ እንዳለብኝ ተነገረኝ፣ ተጨማሪ ሰዓት መጠየቅ እንደሚቻልም ሰማሁ። ግን አሁን ኦገስት አጋማሽ ላይ ነን፣ ማመልከቻዬ ደግሞ ዲሴምበር 15 ይዘጋል። መልስ እየጠበቅኩ ለማንኛውም ሴፕቴምበር ላይ ልፈተን ወይስ ልታገስ? ዲግሪዬን በጥሩ ውጤት ስለጨረስኩ አያምኑኝም ብዬም እፈራለሁ። ዩኒቨርሲቲዎቹስ ተጨማሪ ሰዓት እንደተሰጠኝ ያውቃሉ?
(ሰዓት የሚያልቅባት)

መልስ፦ ታገሺ እህቴ፣ ሴፕቴምበር ላይ አትፈተኚ። ጥያቄሽ ግን በዚህ ሳምንት ይግባ። ወረቀቱ ካልገባ መታገስሽ ዝም ብሎ ቀን መቁጠር ነው።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አኮሞዴሽን፣ ማለትም እንደ ተጨማሪ ሰዓት ያለ የፈተና ድጋፍ፣ ትጠይቂያለሽ፣ እሱ ሲጸድቅ ደብዳቤ ይደርስሻል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀን የምትይዢው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይሄድና ይቸገራል፤ ቀኑን ይይዛል፣ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ከዚያ «ተጨማሪ ሰዓቱ በኋላ ይጨመርልኛል» ብሎ ይጠብቃል። አይጨመርም። ግምገማው ደግሞ ሰነዱ ተሟልቶም ቢሆን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ሴፕቴምበር ላይ መፈተን አይከለከልም። ጂአርኢ በ21 ቀን ልዩነት፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 5 ጊዜ ይፈቀዳል። ግን ያንኑ ፈተና በዚያው ሰዓት ነው የምትወስጂው። ቃላት ብታጠኚ፣ ዘዴ ብትማሪ ትንሽ ትሻሻይ ይሆናል፤ አንቺን የጣለሽ ግን የቃላት እጥረት አይመስለኝም።

እስቲ ቁጥሩን አብረን እንየው። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ጂአርኢ አጥሯል፣ ጠቅላላ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነው። ሰዓት ያለቀብሽ ሁለተኛው የቨርባል ክፍል 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ ነው። 50 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት ቢፈቀድልሽ 34 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ልዩነቱ 11 ደቂቃ ተኩል ነው፣ ማለትም ሳታያቸው ለቀሩት 4 ጥያቄዎች ለእያንዳንዳቸው ወደ 3 ደቂቃ ገደማ። ሌላም አለ። በመጀመሪያው ክፍል፣ በ18 ደቂቃ በሚሠሩት 12 ጥያቄዎች ያመጣሽው ነገር የሁለተኛውን ክፍል ክብደት ይወስናል። እዚያ በጥድፊያ የሳትሻቸው ጥያቄዎች ወደ ቀላሉ ክፍል ልከውሽ ከሆነ፣ ውጤትሽ የመጨረሻዎቹ 4 ጥያቄዎች ላይ ከመድረስሽም በፊት መውረድ ጀምሯል። ስለዚህ ይሄን ፈተና በቂ ሰዓት ሳይኖርሽ መድገም ገንዘብም ሞራልም መጨረስ ነው።

አሁን ወደ ሰነዱ። ጉዳዩ የሚያልፈውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ። «ዲስሌክሲያ አለባት» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ አይበቃም። ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው ችግሩ ፈተና ላይ ምን እንደሚያደርግሽና የጠየቅሽው ድጋፍ ያንን እንዴት እንደሚያቃልል ነው። የመረመረሽ ባለሙያ የትኞቹን ፈተናዎች እንደሰጠሽና በእያንዳንዳቸው ምን ያህል እንዳመጣሽ፣ የንባብ ፍጥነትሽ ከእኩዮችሽ ጋር ሲነጻጸር የት እንደሆነ፣ ለምን 50 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት እንደሚያስፈልግሽ በግልጽ ይጻፍ። ለእኔ የጻፍሽውን፣ መስመር እንደሚጠፋብሽና አንቀጽ እንደምትደጋግሚ፣ ለእሱም ንገሪው፤ ሪፖርቱ ውስጥ ይግባ። ዩኒቨርሲቲ እያለሽ መምህር ሰዓት ጨምሮልሽ የሚያውቅ ከሆነ ማስረጃውን ፈልጊ፣ ከሌለም ለምን እንደሌለ ራስሽ በአጭሩ ጻፊ። ችግሩ የታወቀው ዘንድሮ ስለሆነ ይሄ ማብራሪያ ላንቺ በጣም ያስፈልግሻል። ሪፖርቱ በሌላ ቋንቋ ከሆነ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን አያይዢ። ጥያቄውን ስታስገቢ ደግሞ እረፍትም ጠይቂ፣ ምክንያቱም አዲሱ ጂአርኢ የተመደበ እረፍት የለውም፣ ሰዓቱ ሲረዝምልሽ ደግሞ ወደ 3 ሰዓት ገደማ ልትቀመጪ ነው።

ጥሩ ውጤት ስላለኝ አያምኑኝም ላልሽው፣ ይሄ ፍርሃት ስንቱን ከመጠየቅ እንዳስቀረ ሳስበው ያሳዝነኛል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 ስለ ፈተና አኮሞዴሽን ባወጣው መመሪያ፣ በትምህርቱ ጎበዝ የሆነ ሰው በዚያ ምክንያት ብቻ ድጋፍ ሊከለከል እንደማይገባ በግልጽ ጽፏል። ኢቲኤስ ደግሞ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ሌላው አንድ ሰዓት የሚያነበውን አንቺ ሁለትና ሦስት ሰዓት እያነበብሽ ከሆነ ያንን ውጤት ያመጣሽው፣ ባለሙያው ያንን ይጻፈው። ጎበዝ መሆንሽን አትደብቂ፣ ምን እንዳስከፈለሽ ግን አሳዪ።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ከውጤቱ አያውቁም። ድሮ ተጨማሪ ሰዓት የተሰጠው ሰው ውጤት ላይ ምልክት ይደረግ ነበር። ሁለቱም እጆቹ የሌሉት ማርክ ብሪምሆርስት ያኔ ኢቲኤስ ይሰጠው በነበረው የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ በጂማት፣ ውጤቱ ላይ እንዲህ ስለተደረገበት ኢቲኤስን ከሰሰ፣ ነገሩ በስምምነት አለቀ፣ ኢቲኤስም ከኦክቶበር 2001 ጀምሮ ምልክቱን አቆመ። የኮሌጅ መግቢያው ኤስኤቲ በ2003 ተከተለ። የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያው ኤልሳት ግን እስከ 2014 ቆይቶ፣ 7.73 ሚሊዮን ዶላር ከከፈለበት ስምምነት በኋላ ነው የተወው። የመጀመሪያው ውጤትሽም አያስጨንቅሽ። ጂአርኢ የፈለግሽውን ውጤት ብቻ መርጠሽ እንድትልኪ ይፈቅዳል።

ቀኑን ከመጨረሻው ወደ ኋላ እንቁጠረው። ውጤት ለመውጣት ከ8 እስከ 10 ቀን ይፈልጋል፣ ስለዚህ የመጨረሻው የፈተና ቀንሽ ከኖቬምበር ማለቂያ ባይዘገይ ይሻላል። አንድ ጊዜ የመድገም ዕድል እንዲኖርሽ ዋናውን ፈተና ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ አድርጊው፣ 21 ቀኑ ይሞላልሻል። ጥያቄሽ በዚህ ሳምንት ከገባ መልሱ ሴፕቴምበር መጨረሻ ወይ ኦክቶበር መጀመሪያ አካባቢ ይመጣል። ኦክቶበር የልምምድ ነው። ልምምዱን ደግሞ በተፈቀደልሽ ሰዓት አድርጊው፣ እስከዛሬ በለመድሽው ሩጫ ሳይሆን። ሰዓት የተጨመረለት ሰው እንደድሮው እየሮጠ ቶሎ ጨርሶ ቁጭ ሊል ይችላል። ሙሉውን 3 ሰዓት ያለ ስልክ፣ ተቀምጠሽ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክሪው።

የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያውን ኤምካት የምትፈተኑ አንባቢዎች ይሄን ስሌት እንዳለ እንዳትወስዱት። እዚያ በዓመት 3፣ በሁለት ተከታታይ ዓመት 4፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ፈተናው ላይ ተቀምጣችሁ ውጤቱን ብትሰርዙትም እንኳ ይቆጠራል። ውጤት መርጦ መላክም የለም፣ ሁሉም ይታያል። አኮሞዴሽን ሳይመጣ «ልሞክረው» ማለት እዚያ የበለጠ ያስከፍላል። ግምገማውም እስከ 60 ቀን ሊሄድ ይችላል።

አንቺ ጋ ልመለስና፣ ተጨማሪ ሰነድ ከተጠየቅሽ አትደንግጪ፣ በዚያው ሳምንት ላኪ። ሙሉ በሙሉ እምቢ ከተባልሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ተቀበይና ባለሙያሽ ለዚያ ነጥብ መልስ ጽፎ እንደገና ይታይልሽ። ኖቬምበር ገብቶ መልሱ ገና ከሆነ ደግሞ ለምታመለክቺባቸው ክፍሎች ኢሜይል ጻፊ። ጂአርኢ ግዴታ ነው ወይ፣ ውጤት ዘግይቶ ቢደርስ ይቀበላሉ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ፈተናውን ከግዴታነት ያወጡ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ፣ የአንቺም ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ኢሜይሉን ለመጻፍ ደግሞ ኖቬምበርን መጠበቅ የለብሽም።