ስለ ታይ ምግብ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁ

ባንኮክ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ሼፍ አይደለሁም፣ ሥራዬም ንግድ ነበር። ግን ከተከራየሁበት ሕንፃ ሥር ምግብ የምትሸጥ አንዲት እናት ነበረች፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ዘነዘናውን ትሰጠኝና "በል ውቀጥ" ትለኛለች። የማውቀውን ያወቅኩት ከእሷ ጎን ቆሜ ነው። ሳትቀምስ የምትሰጠው ምግብ የለም፤ ስንት ማንኪያ ልጨምር ብዬ ስጠይቃት ደግሞ ትስቅብኛለች። ስለዚህ ከኔም ግራም አትጠብቁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ ፓድ ታይ የሚሉት የኑድል ጥብስ ለነሱ እንደ ዶሮ ወጥ ነው? ከጥንት የመጣ?

ዝነኛ ነው እንጂ ጥንታዊ አይደለም። ኑድል በጎድጓዳ መጥበሻ መጥበስ ከቻይና ስደተኞች ጋር የመጣ ነገር ነው። ፓድ ታይን ያገነነው ፒቡንሶንግክራም የሚባል የጦር ሰው ነው፤ በ1938 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ በ1939 የአገሪቱን ስም ከሲያም ወደ ታይላንድ አስቀየረ፣ ከዚያ ሕዝቡ ምን እንደሚለብስ ሳይቀር መመሪያ ማውጣት ጀመረ። ኑድል ብሉም ተባለ። ስሙን ራሱ እዩት፣ "የታይ ጥብስ" ማለት ነው። ለማንኛውም ጥሩ ፓድ ታይ ኮምጣጣነቱ ከሁመር ነው የሚመጣው፤ ታማሪንድ የምትሉት። ጨዉ ከዓሣ ሶስ፣ ጣፋጭነቱ ከዘንባባ ስኳር። ከላይ የተፈጨ ኦቾሎኒና የበቀለ ማሾ ይደረግበታል። ቀይ ሆኖ ኬቻፕ ኬቻፕ ካለ ግን ተሸውዳችኋል።

ጥያቄ፦ ቶም ያም የሚባለውን ሾርባ ቤቴ ሠርቼ መረረኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

እህቴ፣ ሎሚውን እሳት ላይ እያለ ጨምረሽው ይሆናል። ሁላችንም የተሳሳትነው እዚያ ጋ ነው። ውሃው ሲፈላ ጠጅ ሳሩን ቀጥቅጠሽ፣ ካ የሚሉትን ዝንጅብል መሳይ ሥር በስሱ ቆርጠሽ፣ የሎሚ ቅጠሉን ቀደድ አድርገሽ ትከቻለሽ። እነዚህ ለሽታ ናቸው፣ አይበሉም፤ እንግዳ ሲመጣ ንገሪ፣ አንድ ጓደኛዬ ጠጅ ሳሩን ሲያኝክ አምሽቷል። ከዚያ እንጉዳዩ፣ ከዚያ ሽሪምፑ። ሽሪምፑ ቀላ ሲል ድስቱን አውርጂ። ሎሚና ቃሪያው ከወረደ በኋላ ነው የሚገባው፣ ቅመሽ፣ ጨምሪ፣ እንደገና ቅመሽ። በነገራችን ላይ የኛ ሎሚ ለዚህ ምግብ ልክ ነው፤ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ላይም ግዙ፣ ትልቁ ቢጫው ሌመን ሌላ ጣዕም ነው። ይሄ ሾርባ በታኅሣሥ 2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ሽሪምፕ ያለበት፣ ቶም ያም ኩንግ የሚባለው።

ጥያቄ፦ እናቴን ለሕክምና ባንኮክ ልወስድ ነው። ጾም ላይ ነን። እሷ ምን ትበላለች?

ይሄን ሰፋ አድርጌ ልመልስ፣ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ጥሩው ነገር ቅቤና ወተት የታይ ማዕድ ላይ ብዙም አታገኝም፤ ካሪ የሚሉት ወጣቸው ነጣ ብሎ የምታየው በኮኮናት ወተት ነው፣ እሱ ደግሞ የጾም ነው። ችግሩ የማይታየው ላይ ነው። ናም ፕላ የሚሉት የዓሣ ሶስ አለ፤ ትንንሽ ዓሣ በጨው ታሽጎ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ የሚጠለል ፈሳሽ ነው፣ አትክልት ጥብስ ላይ ሳይቀር ይገባል። የካሪው ድልህ ውስጥ የሽሪምፕ ድልህ አለ። ፓድ ታይ እንቁላል አለው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ተዉት፤ እኔ የምነግርህ "ሥጋ የለውም" ብለው ሲሰጡህ ዓሣው ውስጥ እንዳለ ነው።

መፍትሔው አንድ ቃል ነው፦ ጄ። "ኪን ጄ" በል፣ ጄ ነው የምበላው ማለት ነው። ከቻይና የመጣ የጾም ሥርዓት ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት ሁሉ ክልክል ነው፣ እንዲያውም ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ጭምር አይነኩም። ምልክቱ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ፊደል ነው፣ ከሩቅ ይታያል። በቻይናዎቹ አቆጣጠር በዘጠነኛው የጨረቃ ወር፣ ብዙ ጊዜ ጥቅምት አካባቢ፣ ለ9 ቀን በዓሉ ሲከበር ከተማው ሁሉ ቢጫ ይሆናል፤ ፑኬት ደሴት ላይ በጣም ይደምቃል። "ማንግሳዊራት" የሚል ሌላ ቃል አለ፣ እሱ ሥጋ አልበላም ብቻ ነው፣ እንቁላልና ወተት ይገባበታል። እናትህ ጋ የሚሠራው ጄ ነው። ሽንኩርት የሌለው ወጥ ምን ይባላል ብለው ቢያማርሩ ግን እኔን አይውቀሱ።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ለሆነ ሰውስ?

የአሳማ ሥጋ መንገድ ላይ በየቦታው ስላለ የሐላል ምልክት ያለበትን ፈልግ፣ ታገኛለህ። ደቡቡ፣ እነ ፓታኒና ያላ፣ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። የነሱ የሆነ ነገር ብላ ካልከኝ ማሳማን የሚባለው ካሪ ነው። ስሙ ራሱ ከ"ሙስሊም" ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ድንች፣ ኦቾሎኒ፣ በሬ ወይም ዶሮ፣ በኮኮናት ወተት ቀስ ብሎ የበሰለ። ለኛ አፍ ከታይ ምግብ ሁሉ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። ሰሜን ቺያንግ ማይ ከሄድክ ደግሞ ካኦ ሶይ፣ ካሪ ውስጥ ያለ የእንቁላል ኑድል፣ ከላይ የተጠበሰ ኑድል ተነስንሶበት ኩርሽም ኩርሽም የሚል። ከዩናን የመጡ ቻይናውያን ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው ያመጡት ይባላል።

ጥያቄ፦ እንደኛ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ?

ይበላሉ! ኢሳን የሚባለው ሰሜን ምሥራቁ፣ የላኦስ ጎረቤት። ላፕ የሚሉት ተከትክቶ ሎሚ፣ የዓሣ ሶስ፣ ናና፣ የተፈጨ ቃሪያ የሚገባበት ሥጋ ነው። ምስጢሩ ሩዝ እንደ ቆሎ ተቆልቶ ሸክሸክ ተደርጎ መነስነሱ ነው። ሲበስልም አለ፣ ጥሬውም አለ፤ ጥሬው ላይ ሐሞት ጠብ የሚያደርጉም አሉ፣ መረር እንዲል። ክትፎ የለመደ ሰው ቅቤው የት ሄደ ማለቱ አይቀርም። ግን አንድ ነገር፦ ጥሬ የወንዝ ዓሣ ቢያቀርቡላችሁ አትንኩ። ኮይ ፕላ ይሉታል። ከሱ የሚገባ የጉበት ትል አለ፣ ዓመታት ቆይቶ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ያመጣል፤ ኢሳን በዚህ በሽታ በዓለም በጣም ከተጎዱት አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ሶም ታም የሚባለውን የፓፓያ ሰላጣ አዲስ አበባ መሥራት ይቻላል ወይስ ዕቃው አይገኝም?

ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው፤ ሙቀጫ ካለሽ አለቀ። "ሶም" ኮምጣጣ፣ "ታም" ውቀጥ። ያልበሰለ ፓፓያ ግዢ፣ ልጦሽ አረንጓዴ፣ ውስጡ ነጭ፣ ስትነኪው ድንጋይ የሆነ። ላጥ አድርገሽ በቀጭኑ ተልትዪው። ሙቀጫው ውስጥ መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ትንሽ ነካ ብቻ፣ ድልህ አታድርጊው። ከዚያ ስኳር፣ ኦቾሎኒ፣ ፎሶሊያ፣ ቲማቲም ጨፍለቅ፣ ሎሚና የዓሣ ሶስ። መጨረሻ ፓፓያው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ በርበሬ የሚወቅጥ ይመስል ይደበድበዋል። በአንድ እጅሽ በማንኪያ እያገላበጥሽ በሌላው ቀስ እያደረግሽ መታ መታ፤ ቅመሙ እንዲገባው ነው እንጂ እንዲደቅ አይደለም። የነሱ ሙቀጫ ሸክላ፣ ዘነዘናው እንጨት የሆነው ለዚህ ነው። የካሪ ድልህ የሚወቀጥበት ግን ድንጋይ ነው።

የዓሣ ሶስ ካጣሽ ጨውና ሶያ ሶስ፤ ያኔ ለጾምም ይሆናል። ጎደሎ ነው ግን ይበላል። ኢሳኖች የሚሠሩት ፕላ ራ የሚባል የፈላ ዓሣ ይገባበታል፣ ሽታው ከሰፈር ያስወጣል። እኔ ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጥያቄ፦ በበሶብላ ፓድ ክራፓኦ መሥራት ይሆናል?

ፓድ ክራፓኦ ክራፓኦ በሚባል ቅጠል የተጠበሰ ሥጋ ነው። ቅጠሉና በሶብላ ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ክራፓኦ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ትኩስ በሶብላ ካገኘህ ሞክረው፣ ደረቁን ተወው። እንቁላሉን ዘይት ውስጥ ጠርዙ እስኪቆረጠም ጥበሰው፣ ሩዙ ላይ ድፋው። ግማሽ ባንኮክ ምሳ ሰዓት ላይ ምን ልብላ ብሎ ሲጨንቀው የሚያዘው ይሄን ነው።

ጥያቄ፦ ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው ያቃጥላል?

ያቃጥላል ወንድሜ፣ አትጀንን። የኛ ማቃጠል ከቅቤ ጋር ነው የሚመጣው፣ የነሱ ከሎሚ ጋር፣ ባዶ ምላስ ላይ። የሚገርመው ቃሪያ ለነሱም እንግዳ ነው፤ ከአሜሪካ አህጉር የወጣ ነው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከፖርቹጋሎች ጋር ደረሰ። ከዚያ በፊት የሚያቃጥሉት በቁንዶ በርበሬ ነበር። ዛሬም ቁንዶ በርበሬን "ፕሪክ ታይ" ይሉታል፣ "የታይ ቃሪያ"። "ማይ ፔት" በል፣ አታቃጥሉብኝ ነው። ያም ሆኖ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ በእንጨት ነው የሚበሉት?

ኑድል ብቻ። ሌላው በማንኪያ ነው፤ ሹካው በግራ እጅ ይዞ ወደ ማንኪያው መግፊያ ነው፣ አፍ አይገባም። ካኦ ኒያኦ የሚባለው ተጣባቂ ሩዝ ግን በእጅ፣ ጠቅለል አድርጎ ወጡን ነክሮ። ምግቡም መሐል ላይ ቀርቦ በጋራ ነው። እዚያ ጋ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፣ እስኪ ጉረሺ ልበላት ብዬ ሞክሬ ሴትየዋ ደንግጣለች።

ጥያቄ፦ ያቺ መነጽር አድርጋ የምትጠብሰዋ ሴትዮ ጋ ሄደሃል?

ጄ ፋይ። የለሁበትም፣ ወረፋውም ዋጋውም። ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው ሚሽሊን መመሪያ ለባንኮክ መጀመሪያ ሲወጣ፣ የ2018ቱ፣ ኮከብ ያገኘች የመንገድ ዳር አብሳይ ናት፣ የሸርጣን ኦምሌቷ ነው ያስወራላት። ይሄኛው "ጄ" የጾሙ አይደለም፣ እትዬ እንደማለት ነው። ፋይ ደግሞ ፊቷ ላይ ያለው ነጥብ። ማርያም የሳመቻት እትዬ በሉት።

ጥያቄ፦ ጣፋጭ አንድ ብቻ ምረጥ።

ማንጎ በተጣባቂ ሩዝ። ሩዙ ታጥኖ ገና ትኩስ እያለ ጨውና ስኳር ያለበት የኮኮናት ወተት ይጠጣል፣ ማንጎው ከጎን። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከሄድክ ወቅቱ ነው። ሩዝ በማንጎ? ብዬ አንድ ወር እምቢ ብያለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።