ቢራቢሮና ሰባት ቤት፦ ጥያቄና መልስ

ዝናቡ አባርቶ አደይ ሲፈነዳ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ክንፍ ያወጣል። የሰሞኑን አራቱን እነሆ።

ከማራኪ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፦ «ጋሼ፣ ነሐሴ ላይ አንገረብ ዳር ቀይ ብርቱካናማ ቢራቢሮ አየሁ። ጥር ላይ እዚያው ጥቁር ሰማያዊ አገኘሁ፤ የክንፋቸው ቅርጽ ግን አንድ ነው። እህቴ ሁለት ዓይነት ናቸው ትላለች። እኔ አንድ ነው እላለሁ።»

ሳላያቸው አልፈርድም፤ ግን የአንተም ሐሳብ ቀልድ አይደለም። እኛም አገር ያለው ፕሬሲስ ኦክታቪያ የሚባል ቢራቢሮ፣ በተለይ በደቡብ አፍሪካ እንደታየው፣ በዝናብ ወቅት ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል፣ በደረቁ ወቅት ሰማያዊ። ዘሩ አንድ ነው። ልዩነቱን በዋናነት የሚያመጣው አባጨጓሬውና ሙሽሬው (ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ) ያደጉበት ሙቀት ነው። ቀለም ብቻውን ዳኛ ቢሆን ልጁን ከእናቱ ነጥሎ ባዕድ ያደርገው ነበር።

ከአዘዞ፣ ጡረተኛ አባት፦ «ዲኤንኤ የሚያነብ መሣሪያ ከመጣ ወዲያ የክንፍ ነጠብጣብ መቁጠር ምን ይሠራል?»

አባቴ፣ አንቱ ልጅ ሲድሩ ሰባት ቤት አስቆጥረዋል፤ ታዲያ በእናት በኩል ብቻ ቆጥረው አላቆሙም። ለቢራቢሮ የተለመደው የዲኤንኤ መለያ ሲኦአይ የምትባል የአንዲት ዘረመል ቁራጭ ናት፣ 658 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ፤ የምትወረሰውም ከእናት ብቻ ነው። ሁለት ዝርያዎች ጥንት ተዳቅለው ከነበረ የአንዷ እናት ዘር ሌላው ቤት ገብቶ ሊቀር ይችላል፤ መልካቸው የማይገናኝ ቢራቢሮዎችም በዚህች ቁራጭ አንድ መስለው ይወጣሉ። ያኔ የሚያስጥለው የክንፍ ጅማት አወራረድ፣ የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ፣ የአባጨጓሬው መልክና የሚበላው ቅጠል ነው።

ግልባጩም አለ። ኮስታሪካ ውስጥ አስትራፕተስ ፉልጌራቶር የሚሉት ቢራቢሮ አንድ ዝርያ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ዲኤንኤው ሲነበብ 10 ሆኖ ተገኘ። ክንፍ ካወጡ በኋላ ለዓይን መንታ ይመስላሉ፤ አባጨጓሬዎቹ ግን በቀለምም በሚበሉት ተክልም ይለያያሉ። እነ ተመራማሪው ዳንኤል ጃንዘን ለዓመታት አባጨጓሬ እያሳደጉ ባይመዘግቡ ኖሮ የፊደሉን ልዩነት ያኔ ማን አምኖ ይቀበለው ነበር?

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. የ2005ቱ ሥራ ነው። የቢራቢሮ ተመራማሪው ኒክላስ ዋልበርግና ባልደረቦቹ የ57 ዓይነት ቢራቢሮዎችንና ዘመዶቻቸውን የሦስት ዘረመል ንባብ ከአካል ቅርጽ ሠንጠረዥ ጋር ደርበው አሰሉ። ሽምግልና ላይ ለየብቻ ሲጠየቁ የሚያድበሰብሱ ምስክሮች አሉ አይደል? አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን አፋቸውን ይፈታሉ። እዚህም እንዲያ ሆነ፤ ለየብቻ ሲታይ ያልታየ የጥንት ዝምድና ሲደረብ ብቅ አለ፤ ቅርጹም ለዚህ ወሳኝ ነበር።

ከፒያሳ፣ አንዲት እናት፦ «የእሳት እራትና ቢራቢሮ በምን ይለያሉ?»

ቀንዱን ይመልከቱ፤ ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ካበጠ ባብዛኛው ቢራቢሮ ነው። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ሄዲሊዴ የሚባሉ፣ ቀንዳቸው እንደ ክር የቀጠነ ሌሊት በራሪዎች አሉ፤ ዘረመላቸው ሲታይ ከቢራቢሮ ቤት ገቡ። ለእርስዎ በረንዳ አምፖል ግን የክብሪቱ ደንብ ይበቃል።

ከቀሃ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «ለመመረቂያዬ ቢራቢሮ ሰብስቤ፣ አልኮል ባጣ አረቄ ውስጥ ነከርኳቸው። ለዲኤንኤ ይሆናሉ?»

አረቄው ለእንግዳ ቢተርፍ ይሻል ነበር። ውኃው ስለሚበዛ ዲኤንኤው ይበላሻል፣ ክንፉም ዱቄቱን ይለቃል፤ በአንድ ብልቃጥ ሁለቱንም ማስረጃ አጠፋህ ማለት ነው። ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ አንድ ሁለት እግር ንቀልና 95 በመቶ ኤታኖል ውስጥ ክተት፤ ቀሪውን ክንፉን ዘርግተህ በመርፌ ወግተህ አድርቅ። ፎርማሊን አታስጠጋ። እግሩም አካሉም አንድ ቁጥር ይያዙ፤ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከፍታውን በእርሳስ ጻፍ። እኔ ወጣት ሳለሁ አንድ ሣጥን ሙሉ በአንድ ሌሊት ጉንዳን ጨርሶብኛል፤ ሲነጋ የቀረልኝ መርፌና ብጥስጣሽ ክንፍ ነበር። የጠረጴዛህን አራት እግሮች ውኃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ አቁማቸው።