የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የስቱዲዮ ሞኒተርና የቆዩ የጌም መሣሪያዎች

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አንድ ሆስፒታል ዕቃ ሲቀይር ካወጣቸው መካከል ባለ 14 ኢንች የሶኒ ፒቪኤም ሞኒተር በቅርቡ ገዛሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያስቀመጥኩትን ሱፐር ኒንቴንዶ የጌም መሣሪያ በቢጫው ኬብል ሳገናኘው ግን ከድሮው የሳሎን ቴሌቪዥን ብዙም የተለየ ምስል አላየሁም። ባለ አራት ጫፍ የአርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ የሚወስድ) ኬብል ገዝቼ ስሞክር ደግሞ ምስሉ ወደ ጎን እየተንሸራተተ አልቆም አለኝ። የተሳሳተ ዕቃ ገዝቼ ይሆን?

መልስ፦ የተሳሳተ ዕቃ አልገዙም፤ እንዲያውም ዛሬ ፋብሪካ የማያመርተው ዕቃ ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዙት። ፒቪኤም የተሠራው ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ ለኤዲቲንግ ክፍሎችና ለሆስፒታሎች ሲሆን፣ ሥራውም የመጣለትን ሲግናል ሳያስውብና ሳይሸፋፍን እንዳለ ማሳየት ነው። በቢጫው ኬብል ውስጥ ቀለምና ብርሃን በአንድ ሽቦ ላይ ተደባልቀው ስለሚጓዙ፣ ከመነሻው የደበዘዘውን ምስል የትኛውም ሞኒተር መልሶ ሊያጠራው አይችልም። በአውሮፓ የተሸጠው የመጀመሪያው ሱፐር ኒንቴንዶ ግን ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ ማውጣት ስለሚችል፣ ባለ አራት ጫፉን ኬብል መግዛትዎ ትክክል ነበር።

የምስሉ መንሸራተት ምክንያት አራተኛው ጫፍ ነው። ሦስቱ ጫፎች ቀለሞቹን ሲይዙ፣ አራተኛው ሲንክ የሚባለውን፣ ማለትም እያንዳንዱ መስመርና እያንዳንዱ ምስል የሚጀምርበትን ቅጽበት ለሞኒተሩ የሚነግረውን ምልክት ይይዛል። ሞኒተሩ በአርጂቢ ሲሠራ፣ ሌላ ትእዛዝ እስካልተሰጠው ድረስ፣ ይህን ምልክት የሚፈልገው በአረንጓዴው ሽቦ ውስጥ ነው፤ ሱፐር ኒንቴንዶ ደግሞ እዚያ አያስቀምጠውም። ስለዚህ አራተኛውን ጫፍ ከጀርባ በኩል «ኤክስት ሲንክ» ከተጻፈበት መግቢያ ላይ ገፋ አድርገው፣ ጥርሱ እስኪይዝ ሩብ ዙር ያህል ያዙሩት፤ ከዚያም ፊት ለፊት ያለውን ተመሳሳይ ስም የያዘ ቁልፍ ይጫኑ። ቁልፉ ጠቅ ሲል ሲንሸራተት የነበረው ምስል ባንዴ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያኔ ፊትዎን ወደ መስታወቱ ጠጋ ቢያደርጉ፣ ደማቅ መስመሮች በቀጫጭን ጥቁር ክፍተቶች ተለያይተው ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ያያሉ። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የዚያን ዘመን የጌም ሠዓሊዎች ምስሎቻቸውን የሠሩት በእንዲህ ዓይነት ስክሪን ላይ እያዩ ነበር። ብዙ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ግን ይህን ሲግናል የመስመሩ ብዛት እጥፍ እንደሆነ ቆጥረው ለማስተካከል ሲሞክሩ ምስሉን ያደበዝዙታል፤ ቁልፍ በመጫንና ጀግናው በመዝለል መካከልም መዘግየት ይፈጥራሉ።

የአውሮፓው መሣሪያ በሴኮንድ የሚያወጣው 50 ምስል መሆኑን ግን ይወቁ። ጌሞቹ በአብዛኛው የተሠሩት ለጃፓንና ለአሜሪካ 60 ስለነበር፣ ብዙዎቹ አውሮፓ ውስጥ በስድስት አንድ እጅ ያህል ዘግይተው ይሄዳሉ፤ ከላይና ከታችም ጥቁር መቀነት ይታያል። የእርስዎ ሞኒተር ሁለቱንም ዓይነት የሚቀበል ከሆነ፣ ወደፊት የጃፓን ወይም የአሜሪካ መሣሪያ ቢያመጡ ደስ ይልዎታል፤ ሆኖም የነዚያን አዳፕተር በቀጥታ ከአውሮፓ 230 ቮልት ላይ በፍጹም አይሰኩ፤ ይቃጠላል። የአርጂቢ ኬብላቸውም ከአውሮፓው ስለሚለይ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል።

ከሆስፒታል የወጣ ሞኒተር ለመግዛት የሚያስቡ ሌሎች አንባቢዎች፣ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ነጭ አድርገው ጥግ ጥጉን ይመልከቱ፤ የታካሚ ስምና ሰዓት ለዓመታት ሲጻፍበት የኖረ ቦታ ተቃጥሎ ጥላ ሊቀርበት ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ የጀርባውን ክዳን አትክፈቱ። በቱቦው ላይ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ከ20,000 ቮልት ሊያልፍ ይችላል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ለሰው አደገኛ የሆነ ኃይል ውስጡ ተጠራቅሞ ይቆያል። ይህን የምለው ማንም እንዲጎዳብኝ ስለማልፈልግ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ እናቴ ቤት የቆየ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን አለ። በፕሌይስቴሽን 2 ለመጫወት የስቱዲዮ ሞኒተር የግድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። የቴሌቪዥኑን ጀርባ ይዩ፤ ከቢጫው መግቢያ ሌላ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ የምስል መግቢያዎች ካሉት፣ ለፕሌይስቴሽን 2 የተሠራ፣ በእነዚህ ሦስት መግቢያዎች የሚሰካ የኮምፖነንት ኬብል ብቻ ይግዙ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዲስኮችም በዚሁ መንገድ አምረው ይታያሉ። ኬብሉን ከመቀየርዎ በፊት ግን ቢጫው እንደተሰካ ወደ መሣሪያው ማስተካከያ ገብተው፣ የኮምፖነንት ምርጫውን ከአርጂቢ ወደ ሌላኛው ይቀይሩ፤ አለበለዚያ ቀለሙ ተዘበራርቆ ይመጣና ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ይመስልዎታል።