ድሩን ከመጥረጋችሁ በፊት

ልጆቼ፣ በተለይ በውሃ ሥራ ላይ ገና የተቀጠራችሁ፣ ዛሬ ስለ ሸረሪት ላጫውታችሁ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት በማጣሪያ ጣቢያ ሠርቻለሁ። እስከ ዛሬ ከሚቆጩኝ ነገሮች አንዱ ከሸረሪት ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ ከተማ፣ የማጣሪያው ቤት ጣሪያ በሙሉ ድር ለብሶ ነበር። ነጠላ የተዘረጋበት ይመስላል። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዳ ይመጣል ሲባል ደነገጥኩ። አስጠረግኩት። መጥረጉ አልበቃኝ ብሎ ፀረ-ተባይ መድኃኒት አስረጨሁ። አስቡት፤ ከሥር ያለው ገንዳ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ነው! አንድ አዛውንት ዘበኛ ነበሩን። «ልጄ፣ ታዲያ ትንኙን ማን ሊይዝልህ ነው?» አሉኝ። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ አለፍኳቸው።

እንግዶቹ መጥተው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ማታ ማታ አምፖሉ በትንኝ ይሸፈን ጀመር። ገንዳው ውስጥ ቀጫጭን ቀይ ትሎች አየን። የዚያችው የትንኝ እጮች ናቸው፤ ደለል ውስጥ ይራባሉ። ለካ ገንዳው ከታጠበ ቆይቷል። ድሩ ይህንኑ ሲነግረኝ ከርሟል፤ እኔ ግን አስጠርጌ ጣልኩት።

ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ያለችውን የባልቲሞር ከተማን ታሪክ ሳነብ እኚያ ዘበኛ ትዝ አሉኝ። ሜሪላንድ ያላችሁ ከተማውን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያ ያለ አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሸረሪት ወረረን ብሎ ባለሙያ ጠራ። ቦታው 1.6 ሄክታር ገደማ ነው፤ ጣሪያ አለው፣ ጎኑ ግን ክፍት ነው። ባለሙያዎቹ ሲገምቱ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሸረሪት ሆነ። ድሩ ከክብደቱ የተነሳ ረዣዥም የመብራት ማቀፊያዎችን ከቦታቸው አንሸራቷል። ሠራተኞቹ ወደ ማሽኑ ለመድረስ ገለል ያደረጉት ድር ወለሉ ላይ እንደ እሳት አደጋ ቱቦ ወፍሮ ተከምሮ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የወደድኩት የባለሙያዎቹን ምክር ነው። «ሸረሪቶቹ እንደማይጎዱ ለሠራተኞቹ አስረዱ፣ ድሩንም እንደ ተፈጥሮ ድንቅ አሳዩት» አሉ። ከውሃው የሚፈላው ትንኝ እስካለ ድረስ ሸረሪቱም ይኖራል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቴክሳስ ውስጥ፣ በታዋኮኒ ሐይቅ መናፈሻ፣ ተመሳሳይ ነገር ታይቶ ነበር። 180 ሜትር ገደማ የሚሆን የእግር መንገድ ዛፉም ቁጥቋጦውም ድር ለበሰ። መጀመሪያ ነጭ ነበር። በኋላ የተያዘው ትንኝ ሲበዛበት ቡናማ ሆነ። የሚሰቀጥጠው ሰው ነበር፤ ይህን ለማየት ብሎ ረጅም መንገድ ነድቶ የመጣም ነበር።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል አድገናል። ስለ እነዚህ ሸረሪቶች ግን አንድ ነገር እወቁ። በሁለቱም ቦታ በብዛት የተገኙት ረጅም መንጋጋ ያላቸው፣ ብዙውን ጊዜ ለየብቻ የሚኖሩ ዓይነቶች ናቸው። በሌላ ጊዜ አንዱ ሌላውን ይበላል። ምግብ ሲትረፈረፍ ግን ጎረቤት መሆን ይችላሉ፤ የአንዱ ድር በሌላው ላይ ይጠላለፋል። ዕድሜ ልካቸውን አብረው የሚኖሩና አብረው የሚያድኑም አሉ፤ በደቡብ አሜሪካ ደን አንድ ድር ውስጥ በሺዎች ሆነው ይኖራሉ። ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ከ50 ሺህ በላይ ከሚሆኑት የሸረሪት ዝርያዎች እንዲህ የሚኖሩት ጥቂት ደርዘን ቢሆኑ ነው።

ፍርሃቱን አልንቀውም። እኔም ልጅ ሆኜ ቆዳዬ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ሲወጣ እናቴ «ሸረሪት ሸንታብህ ነው» ትለኝ ነበር። በሰፈራችን ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነበር። ሸረሪት ግን እንዲህ አታደርግም። አንዳንዴ ቫይረስ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሌሊት ቆዳችን ላይ የምንጨፈልቃት ቀይና ጥቁር ትንሽ ጥንዚዛ ናት፤ ፈሳሿ ቆዳን ያቃጥላል። ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣባችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። መርዛቸው ሰውን የሚጎዳ ሸረሪቶችም መኖራቸው እውነት ነው። ጨለማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስታነሱ ጓንት አድርጉ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። አንድ ቀን የፓምፕ ቤት በር ስትከፍቱ ድር ፊታችሁን ቢሸፍነው፣ ወደ ኋላ በሉና ባትሪ አብሩ። ድሩ ላይ የተያዘው ምንድን ነው? ትንኝ ነው? ዝንብ ነው? ከየት መጣ? መዝገብ ላይ ጻፉት። ከዚያ በኋላ መብራቱንና መተላለፊያውን ጥረጉ፤ እሱ ሥራችሁ ነው። የመርጫውን መሣሪያ ግን ለጊዜው ባለበት ተዉት።

በመጨረሻ የሠራሁበት ጣቢያ ውስጥ ያንኑ የመሰለ ድር ገጥሞኝ ነበር። ገንዳዎቹን በየተራ አፍስሰን ደለሉን አወጣን፣ አጠብን። አምፖሉ ላይ የሚንጋጋው ትንኝ ቀነሰ። ድሩም ማንም ሳይነካው እየሳሳ ሄደ። ያኔ እኚያን ዘበኛ አፈላልጌ «ልክ ነበሩ» ልላቸው ፈለግኩ። ዘግይቼ ነበር፤ አርፈዋል አሉኝ።